ግፊትዎ ስንት ነው?

ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። ጠዋት መቀስ ከመያዜ በፊት እጄን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። ጣቶቼ እስኪፍታቱ መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ሙያ የምትማረው ልጅ ናት።

ሕመሜ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፣ በሰፈር ቋንቋ ቁርጥማት። እኔም የሐይቁ ብርድ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ዋጥኩ። ጥር ላይ ሰርግ ሲደራረብ በቀን ሦስቴም ወስጃለሁ። በመሃል ሕክምና ቤት ሄጄ እጄን ራጅ አንስተውኛል፤ ክንዴ ላይ ግፊት መለኪያ ያሰረ ግን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ነርስ ደንበኛዬን ለቀሚስ ወገቧን ስለካ ያበጠውን አንጓዬን አየችና "እትዬ፣ ግፊትዎ ስንት ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በማግስቱ መለኪያዋን ይዛ መጣች፤ 165 በ100፣ ከፍተኛ ነበር።

እሷ የላከችኝ ሐኪም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። መገጣጠሚያዬን የሚያሳብጠው ብግነት እዚያው አይቀርም፤ ደም ስሬንም ከውስጥ ይጎዳል፣ ስብ እንዲለጠፍበት መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ልብና ደም ስርን በሚመለከት የእኛ ይህ ሕመም ያለብን ሰዎች ስጋት ከሌላው ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ኮሌስትሮሌ ዝቅ ማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ብግነቱ ሲበረታ ራሱ ኮሌስትሮልን ያወርደዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ ግፊት ይጨምራል፣ ለልብም አደጋ አለው። እፎይታ ብዬ የዋጥኩት!

አሁን ብግነቱን የሚያበርድ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ፣ እሁድ እሁድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ መዋጥ አደገኛ ነው። ብግነቱን ማብረድ ለልብም እንደሚበጅ ነግሮኛል። የግፊት ኪኒኔም ተጨምሯል።

እህቶቼ፣ በተለይ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ሕመም የለመደ ሰው ሁሉንም በቁርጥማት ያሳብባል። ደረታችሁን ሲጨንቃችሁ፣ ትንሽ መንገድ ሄዳችሁ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ "ብርድ መታኝ" ብላችሁ አትተኙ፤ ቶሎ ሂዱ። ለመገጣጠሚያ ስትታከሙም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል እንዲታይላችሁ ጠይቁ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የብግነት ማብረጃ የምትወስዱ፣ ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋልና። በራሳችሁ ግን በድንገት አታቋርጡት።

ሜትሬን የምሰቅልበት ግድግዳ ላይ በልብስ ጠመኔ ግፊቴን እጽፋለሁ። የቅዳሜው 134 በ84 ነው። ነርሷ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።