ደንገልና ፊላ ሳልለይ

ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌያለሁ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት እንደመዘገበውም አውቃለሁ። ግን ዳር ዳሩን የሚበቅለውንና የሚኖረውን ጥራ ብባል ከቀረሶ፣ ከአምባዛና ከጉማሬ አላልፍም ነበር። አምና ጥቅምት ላይ ልመዝግብ ብዬ ተነሳሁ።

ሥራውን በኪሳራ ጀመርኩት። የሞተር ጀልባ ተከራይቼ ወደ ዘጌ ሄድኩ። ሞተሩ ገና ከሩቅ ሲሰማ ወፉ ሁሉ ብር ይላል። ስልኬ ላይ የቀረው የወፍ ጅራት ብቻ ነው።

ከዚያ አባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም ሳልርቅ አንድ ቦታ መረጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት እዚያው ቁጭ። የያዝኩት ደብተር፣ የተውሶ ባይናኩላርና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይጨማለቃል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ከጎኔ ያለውን እያሳየሁ «ደንገሉ ዘንድሮ ጥሩ ነው አይደል፣ አባባ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ይኼማ ፊላ ነው ልጄ። በዚህ ታንኳ ብትሠራ በዋና ነው የምትመለስ።»

አንድ ደንገል ቆርጠው ሰጡኝ። ዘንጉን ስዳስሰው ሦስት ማዕዘን ነው። ጫፉ እንደ ጃንጥላ ተበትኗል። ውስጡ አየር ስላዘለ ነው የሚንሳፈፈው። የፊላ ቅጠል ግን ጠፍጣፋ ነው፤ አናቱ ላይ ቡናማ በቆሎ የመሰለ ነገር ይሸከማል። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ከማገላበጤ በፊት ሰው እጠይቃለሁ።

ከተቀመጥኩበት ያስነሱኝም እሳቸው ናቸው። ለካ ያ ምቹ የተደላደለ ሣር የጉማሬ መንገድ ኖሯል! ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ንጋት ላይ በዚያው ነው የሚመለሰው። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ዋርካው ሥር ሸሸሁ።

አንድ ቦታ መሰንበቴ በጀኝ፤ ወፎቹ ለመዱኝ። የወደድኩት ጣቶቹ የረዘሙ፣ ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ ቡናማ ወፍ ነው። ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ እንደ አስፋልት ይራመዳል። ሴቷ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። ለባለቤቴ ስነግራት «ሰማህ?» ብላ ዝም አለች።

ደብተሬ ውስጥ ለእንቦጭ የብቻው ገጽ አለው። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን ይከለክላል፣ ዓሣውን አየር ያሳጣል፣ የታንኳ መንገድ ይዘጋል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ያ ወፌ እንቦጭ ላይ ቆሞ ትል ሲለቅም አየሁት። ፎቶው ደግሞ ከሁሉም ያምራል። የት እንደምመዘግበው ግራ ቢገባኝ በሁለቱም ገጽ ጻፍኩት።