የእማማን ታሪክ ከጥጥ ጀምሬ ጻፍሁ

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ መልኩ የታወቀ ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሥርዓት ተዳሩ፤ ይህን ያህል ልጅ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጅ አዩ፤ ደግ፣ ለተቸገረ አዛኝ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ለአያቴ ለእማማም ደሴ ላይ ይኸው ተነበበ። ውሸት የለበትም። ስሙን ብቻ ለውጦ ግን ለየትኛዋም የወሎ እናት ማንበብ ይቻላል። የልጅ ልጆቿ ቤታቸው የሚያስቀምጡት ትንሽ መጽሐፍ ለአርባዋ ላድርስ ብዬ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜዋን መያዝ ነበረብኝ። መታወቂያዋ ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን 1932 ዓ.ም. ነው። የመታወቂያ ዕድሜ እንደሚታወቀው ጸሐፊው ባለጉዳዩን ቀና ብሎ አይቶ የሚሞላው ነው። እሷ ግን «አውሮፕላኑ ደሴን ሲመታ እናቴ አዝላኝ ነበር» ትል ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር የተመታበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ የተኮሱበት ቀን። በዚያ ቀን በአንቀልባ የነበረች ልጅ 1932 ልትወለድ አትችልም። 1926 ወይም 1927 ብዬ ያዝሁ።

የቤተሰቡ ወሬ ደግሞ እናቷ ያን ዕለት ከኩታበር የወረደችው ለሰኞ ገበያ ነው ይላል። ቀኑን ቆጥሬ ሳየው ኅዳር 26 የዋለው ዓርብ ሆነ። ታሪኩን ግን አልጣልሁትም። ጃንሆይ ደሴ የከረሙበት፣ ሠራዊቱም በዙሪያዋ የሰፈረበት ሰሞን ስለነበር፣ የሚሸጥ እህል ያለው ሰው ሰኞን የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ የእኔ ግምት ነውና ከእሷ ቃል ለይቼ በሌላ አንቀጽ አስቀመጥሁት። እንደዚህ ላለ ሥራ ለሚነሣ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሟች ቃል፣ የመዝገብ ቃልና የራስ ግምት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀላቀል የለባቸውም።

ከባዱ ዕድሜዋ አልነበረም። ከባዱ ሰውን ማናገር ነበር። «እማማ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የቀብሩን ጽሑፍ መልሶ ያነብልኛል። ታላቋ አክስቴ «ደግ ነበረች፤ ምን ልበልሽ?» ብላ ዝም አለች። ጥያቄውን ለወጥሁት። «ጥጡን ከየት ነበር የምትገዛው?» አልኋት። ወዲያው እጇ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ጥጡ ከነፍሬው ይገዛል። እማማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠውና በብረት መዳመጫ እየደመጠች ፍሬውን ታወጣለች። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች፤ አክስቴ የደጋኑን ድምፅ በአፏ አሰማችኝ። ተነድፎ የለሰለሰው ጥጥ፣ ባዘቶው፣ እንደ ጉም ሲነሣ ልጆች በሩን እንዳይከፍቱ ይጠበቃሉ። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው በግራ እጇ ባዘቶውን ወደ ላይ እየሳበች ክሩን ታወርዳለች። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በኩራዝ፣ ኋላም በመብራት። የሞላው ልቃቂት ሲጠራቀም ግማሹ ለሸማኔ፣ ግማሹ ለገበያ። የእናቴና የእህቶቿ ደብተር የተገዛው፣ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት የገቡበት ዩኒፎርም የተሰፋው በዚያ ገንዘብ ነው። አያቴ «የባሌ ደመወዝ ለጤፍ፣ የእኔ ፈትል ለፊደል» ትል እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛዋ አክስቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ሠርታ የመጀመሪያውን አንሶላ ቤት ይዛ ገባች። እማማ በሁለት ጣቷ ዳስሳ «ይህ እጅ የለበትም» አለች አሉ። ያም ሆኖ ብዙ ሳትቆይ ለጋቢው ድር የፋብሪካ ክር ከገበያ መግዛት ጀመረች። በድሩ መሐል በአግድም የሚገባው ክር፣ ማጉ፣ ብቻ የእጇ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀለለኝ። እማማ ለተወለደ የልጅ ልጅ ሁሉ በፈተለችው ጋቢ ታሠራ ነበርና፣ አዲስ አበባም ጂዳም ላሉት ጋቢያችሁን ከጥለቱ በላይ በቅርብ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ አልኋቸው። በልደት ዓመት ደረደርኋቸው። የቀደሙት ላይ ማጉ እኩል ነው፤ ክሩ የት እንደተቀጠለ አይታወቅም። ወደ 2000 ዓ.ም. ሲጠጋ እዚህም እዚያም ይወፍራል፤ ዐይኗ እየደከመ ነው። የመጨረሻው፣ የወንድሜ ልጅ ጋቢ፣ አንድ ቦታ ላይ ጣት የሚያህል ወፍራም፣ ቀጥሎ ደግሞ ሊበጠስ የደረሰ ነው። ሸማኔው ሌላ ማግ ልጨምርበት ቢላት እንቢ አለች። በመጽሐፉ ውስጥ «ለልጆቿ ሟች» የሚል ቃል የለም፤ እነዚያ ፎቶዎች አሉ።

ስለ 1965 እና 66 ረሃብ እማማ አውርታ አታውቅም። የነገሩኝ በአጥር የምንገናኛቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ከቆላ የወጣው ሕዝብ አውራ ጎዳናውን ይዞ ደሴ ሲደርስ፣ ሁለቱ ሴቶች የድግስ ድስት ጥደው ንፍሮ ቀቅለው ሳይነጋ ደጅ ያወጡ ነበር። አጎቴ ያን ጊዜ ልጅ ነው፤ የሚያስታውሰው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ምግብ ይዞ ከደጅ መውጣት በዱላ ያስመታ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባው ካደገ በኋላ ነው። ይህን ክፍል አላስረዘምሁትም። እሷ ዝም ያለችበትን እኔ ልሞላው አልፈለግሁም።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቿ ወደ ደብረ ብርሃን ሊያወጧት ለመኗት። «አንድ ጊዜ ታዝዬ ሸሽቻለሁ፤ ይበቃል። አብሽሩ፣ እናንተ ሂዱ» ብላ ከጎረቤቷ ጋር ቀረች። ስልክ ተቋርጦ ድምፅዋን የሰማነው ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችን በልተን እንደሆነ ነው።

አንድ ያላሰብሁት ክርክርም መጣ። ወሎ ነውና የእማማ ወንድም ወረባቦ የሚኖር ሙስሊም ነበር፤ ልጆቹም የእኛው ናቸው። አጎቴ መጽሐፉ በስመ አብ ይጀምር አለ። የወረባቦዎቹ ግድ የለም ቢሉም እኔ ግድ አለኝ። ጸሎቱን በተለየ ቅጠል አሳትሜ ለፈለገ አያያዝሁለት፤ ታሪኩ በቀጥታ ከኩታበር ይጀምራል። ለአርባዋም የእስላምና የክርስቲያን ድስት ለየብቻ ተጥዶ የለ!

መጽሐፉ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠርዞ በተከፋፈለ በሳምንቱ የወንድሟ ልጅ ከወረባቦ ደወለ። «ያን ቀን የታዘለው አባቴ ነው፤ እሷማ የእናቷን ቀሚስ ይዛ በእግሯ ትሮጥ ነበር» አለኝ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ትጨምራለች። አክስቴ አልተቀበለችውም፤ «እናቴ ስለ ራሷ አትዋሽም» ትላለች። እሱም ስለ አባቱ ያንኑ ይላል። ለሁለተኛው ኅትመት የሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አስገብቼ የልደት ዘመኗን «ከ1924 እስከ 1927 ዓ.ም. ባለው» ብዬዋለሁ። የመታወቂያው 1932 በሁለቱም ወገን ወድቋል።