እሾህ የወጋውና ጉርሻ ያነቀው

ዛሬ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላሉ የዓሣ ቤት አስተናጋጆች የመታነቅ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ነበር። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ጉድለቱ ቶሎ ታየ፦ አብዛኛው ሰው ጀርባ የሚመታው ልጅ እንደሚያስተኛ እናት ቸብ ቸብ እያደረገ ነው። እንዲህ ከሆነ ምንም አይወጣም።

የታነቀው ሰው እያሳለ ወይም እያወራ ከሆነ አትምቱት፤ ይሳል። ውሃም አትስጡት። ድምፁ ከጠፋ ግን ደረቱን በአንድ እጅ ደግፋችሁ ወደ ፊት አጎንብሱት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁራጩ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በመዳፍ ግርጌ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሀል፣ እስከ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። እምቢ ካለ ከኋላው ቆማችሁ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ አድርጉና በሌላው እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። ሳንባ ውስጥ የቀረው አየር ነው ቁራጩን የሚገፋው። ጭብጡ የጎድን አጥንት ላይ ካረፈ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ግን የምትስቡት ሆድ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሆድ ፈጽሞ አይነካም፤ አፉን ወደ ታች ደፍቶ 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ ከዚያ በጀርባው አስተኝቶ 5 ጊዜ ደረቱን መጫን።

የቆረሶ ዓሣ እሾህ ጉሮሮ ላይ ሲሰካስ? ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ይተነፍሳል፣ ያወራል። እዚያ ላይ ሆድ መጫን ለምን? እንጀራ ጠቅልሎ መዋጡም (የሁላችንም መድኃኒት!) እሾሁን ይበልጥ ሊቀብረው ይችላል። ጤና ተቋም ሄዶ ይነቀልለት። ሆዱ የተጫነ ሰውም ቁራጩ ቢወጣለት እንኳ የውስጥ ጉዳት እንዳይኖር ይታይ።