አራት፣ ሦስት

ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ሐሙሱ ጭቅጭቅ ልጽፍ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ የእኔም ፊት እንደ ሰማዩ ጠቁሯል። ጣቶቼን ላሟሙቅ ብዬ ፒያኖው ዘንድ ሄድኩ፤ ሐሙስም እዚያው ቀረ።

ፊቴ ላይ የሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 110 የፒያኖ ሶናታ በሁለት ቅጂ ተዘርግቷል። አንዱ አምና የገዛሁት ነው፤ ከእጅ ጽሑፉና ከመጀመሪያው ኅትመት ጋር ተመሳክሮ የታተመ። ሌላው የፒያኖ አስተማሪዬ የሰጠችኝ ፎቶ ኮፒ ነው፤ የኮፒ ኮፒ፣ ቀጫጭን መስመሮቹ የተበሉ። የተማርኩት በዚህኛው ነው።

በመጨረሻው ክፍል፣ ሐዘንተኛው ዜማ ከመጀመሩ በፊት፣ ቀኝ እጅ «ላ» በምትባል አንዲት ድምፅ ላይ ይመላለሳል። ኖታዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቅስት ታስረዋል፤ ከላያቸው 4፣ 3 የሚል የጣት ቁጥር አለ፤ መጀመሪያ በአራተኛው ጣት፣ ቀጥሎ በሦስተኛው ማለት ነው። ቅስት የተለያዩ ድምፆችን ሲያገናኝ «ሳትቆርጥ አያይዝ» ማለት ነው። አንድን ድምፅ ከራሱ ጋር ሲያገናኝ ግን «ይዘህ ቆይ፣ ሁለተኛውን አትምታ» ነው። ታዲያ ካልተመታ ጣት መቀየሩ ለምን አስፈለገ? የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ቸርኒ፣ በኦፐስ 69 የቼሎና የፒያኖ ሶናታ ላይ ስላለው ተመሳሳይ ምልክት ሲጽፍ፣ ሁለተኛው ኖታ በሦስተኛው ጣት ተደግሞ ይሰማ ብሏል። ሌሎች ደግሞ ቅስት ቅስት ነው፣ ጣቱ በዝምታ ይለወጥ ይላሉ። እኔ ለቸርኒ አደላለሁ። ጣቴ ግን አያደላም፤ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ዳግም ስጫነው ወይ ይጮኻል ወይ ጭራሽ ድምፅ አይወጣውም።

ቅስትን እንደ ልባቸው የሚያደርጉ ሰዎች ድሮም ነበሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርታኢዎች የሞዛርትን አጫጭር ቅስቶች እንዳጠረ ቀሚስ ጠርዝ እየለቀቁ አስረዝመዋቸዋል። የእኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን ግን ከሁሉም ብሷል፤ ቅስቶቹን በልቶ ቁጥሮቹን ብቻ ተወልኝ። ስለዚህ ያቺን «ላ» ለዓመታት፣ ኪራይ እንደዘገየበት አከራይ፣ አንድ በአንድ ሳንኳኳት ኖርኩ። አስተማሪዬ ብዙ አትናገርም ነበር። አንድ ቀን ብቻ እርሳስ አንስታ ኅዳጉ ላይ ጻፈች፦ «አይሰማም»።

እስከ ዛሬ «ሰ»ን እና «ማ»ን አጥብቄ ነበር የማነበው፤ ሁለተኛው ኖታ ድምፅ አይኑረው ማለቷ መስሎኝ። ከዝምታው ወገን ናት ብዬ ለሰውም አውርቻለሁ። አላልቶ ማንበብም እንዳለ ዛሬ ገና ታየኝ። ፊደላችን ጠብቆ ይሁን ላልቶ አይነግርም፤ ከአፍ የሰማ ብቻ ያውቃል። ቤትሆቨንም ሶናታውን በ1821 ሲጽፍ አይሰማም ነበር፤ እሱ ላልቶ ነው። ስለ እሱ ይሆን የጻፈችው?

ቀረብ ብዬ አየሁት። ቃሉ ያለው ከኖታው አጠገብ አይደለም፤ ከፍ ብሎ፣ ስሜና የዚያ ሳምንት ቀጠሮዬ ከተጻፈበት ጎን ነው።

ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ደውዬ ምን እላታለሁ? «እትዬ፣ ያቺ ቃል ጠብቃ ነው ላልታ?»