የባቄላና የቦሎቄ ቪዲዮ፦ አራተኛ ሳምንት

የመጀመሪያውን ሳምንት በፎቶ ብቻ ጨረስነው። የ7ኛ ክፍል ልጆቼ በታብሌቱ ያነሷቸው ፎቶዎች ያምራሉ። ጥያቄ ግን አላስነሱም። ቅጠል ያነሳሉ፣ ስሙን ይጽፋሉ፣ በቃ። ይሄ እኔ የምፈልገው ማሰብ አይደለም።

ስለዚህ ሥራውን ቀየርኩት። ሁለት ሃይላንድ ቆርጠን አፈር ሞላን። በአንዱ ባቄላ፣ በሌላው ቦሎቄ ከላስቲኩ አስጠግተን ተከልን። መሀላቸው ማስመሪያ አቆምን። ታብሌቱ በየ10 ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል። በቀን 144 ፎቶ ማለት ነው፤ ፎቶዎቹ ተያይዘው በሰከንድ 24 ሲያልፉ አንድ ቀን የ6 ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናል። ሒሳቡን ራሳቸው አወጡት።

ከመጀመራችን በፊት ግምታቸውን አስጻፍኳቸው። አብዛኞቹ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይበቅላሉ ብለው ነበር። ቪዲዮው ግን ሌላ ነገር አሳየ። የቦሎቄው ግንድ ጎብጦ ከአፈር ወጣ፤ ከዚያ ለሁለት የተከፈለውን ፍሬ ተሸክሞ ቀና አለ። ባቄላው ፍሬውን እዚያው አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ላከ። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ባቄላው ጠልቆ ተተክሎ ቢሆንስ?» አለች። እኔ አልመለስኩላትም። ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመልሳ በማስመሪያው ለካች። እኩል ነው። ካሜራውን የወደድኩት ያኔ ነው፤ የሆነውን ነገር ተመልሰው ሊከራከሩበት ይችላሉ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከእኔ ስህተት ነው። ሌሊት ፎቶው እንዳይጨልም በቀኝ በኩል የጠረጴዛ መብራት አድርጌ ነበር። ቡቃያዎቹ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመሩ። ልጆቹ «ወደ መስኮቱ ነው» አሉ። አንዱ ግን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «መስኮቱ እኮ በግራ ነው» አለ። ቪዲዮውን ፎቶ በፎቶ አስኬዱት። የሌሊቶቹ ፎቶዎች ቢጫ ስለሆኑ ይለያሉ። ቀን ቀን ወደ መስኮቱ፣ ሌሊት ሌሊት ወደ መብራቱ! ለማየት ያስገባነው መብራት የምናየውን ነገር ለውጦታል። ይህን ያገኙት እነሱ ናቸው። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ በሁለቱም ጎን እኩል መብራት እንዲሆን፣ ሦስተኛ ሃይላንድ ደግሞ ያለ መብራት ቀን ብቻ ፎቶ እንዲነሳ ወሰኑ። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል ብዬ አላስተማርኳቸውም ነበር።

ለምትሞክሩት፦ ታብሌቱን ከቻርጀር አትንቀሉት። እኛ ጋ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቪዲዮው መሀል ላይ ዘለለ። በእኛ ታብሌት ስክሪኑን በጣት ተጭኖ መቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፋል፤ ያለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይርገበገባል።

ዛሬ ከሰዓት አንዱን ሃይላንድ በጎኑ አጋደምነው። ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ ግምታቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሰባቱ «ቀጥ ብሎ ይቀጥላል»፣ አሥራ አንዱ «ወደ ታች ይታጠፋል» ብለዋል፤ አንዷ «መጀመሪያ ግራ ይገባዋል» ብላ ጽፋለች።