ለካሜራ መዋሸት

የካሜራዬ ባትሪ አርጅቶ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም አልቆይ ሲለኝ ሌላ ልግዛ ብዬ ኦንላይን ገባሁ። የኦሪጅናሉን ዋጋ ሳይ ካሜራውም አብሮ የሚመጣ ነው የመሰለኝ። ከሱ ስር ደሞ ሌላ ካምፓኒ የሰራው አለ፣ ሁለት ባትሪ ከነቻርጀሩ፣ የኦሪጅናሉን ዋጋ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ምን አስባለሁ፣ አዘዝኩ።

ሲመጣ ላዩ ላይ 2600 ሚሊአምፒር አወር ይላል፣ ምን ያህል ቻርጅ እንደሚይዝ መለኪያ ነው። ኦሪጅናሉ በዛው ቁመት በዛው ውፍረት 1865 ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ሁለት ሊትየም ሴል ነው፣ ታዲያ ትርፉ የት ገብቶ ነው? በእጄ መዘን ሳደርገው ጭራሽ ከኦሪጅናሉ ይቀላል፣ ማስታወቂያው ላይ እሱንም "ክብደቱ ቀላል" ብለው እንደ ሙያ ጽፈውታል ሃሃሃ።

ከትቼ ሳበራው ካሜራው ጠየቀኝ። ከባትሪው ጋር መነጋገር አልቻልኩም፣ ባትሪው ላይ የካምፓኒው ሎጎ አለ ወይ? ይላል ስክሪኑ ላይ። ባትሪው ውስጥ ስንት ቻርጅ እንደቀረ ለካሜራው የምትናገር ትንሽ ቺፕ አለች፣ የዚህኛዋ ነገር አላማረውም ማለት ነው። "የለም" ካልከው ይዘጋል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ" አልኩት። አመነኝ የዋሁ።

ከዛ የጓደኛዬ ሰርግ መጣ። ቦታ ይዤ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፣ ባትሪው 70 ምናምን ፐርሰንት ያሳያል፣ ሙሽራው ቀለበቱን አነሳ፣ እሷ ጣቷን ዘረጋች፣ እኔ ፎከስ አደረግኩ፣ ካሜራው ድርግም! መልሼ ሳበራው እንደገና ሎጎ አለ ወይ? አለህ በቃ፣ አዎ፣ አለ! ድርግም። ሎጎ አለ ወይ? ሰው እልልል ይላል እኔ ከካሜራ ጋር ቃል እየተቀባበልኩ ነው።

ሁለተኛውን ባትሪ ልቀይር ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ፣ መያዣዋን ገፋ አደረግኳት፣ ወይ ፍንክች! ለካ አብጦ እዛው ተቀርቅሯል። ካሜራውን ገልብጬ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ስንጠው አጠገቤ የነበሩ የሙሽሪት አክስት "ልጄ፣ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትቀጣው?" አሉኝ።

"ባትሪው አልወጣ ብሎኝ ነው እትዬ።"

ጸጉራቸው ላይ ያለችውን ሽቦ መዘው "እንካ በዚህ ፈልቅቀው" ሲሉ ደንግጬ እጃቸውን ያዝኩ። የሊትየም ባትሪ ከተበሳ እኮ እሳት ነው የሚተፋው እትዬ፣ ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዛ ምንም ሳይናገሩ ወንበራቸውን ጎትተው፣ አጠገባቸው የነበሩትን ልጆች ሰብስበው ወደኋላ ሄዱ። በአንድ ጊዜ ዙሪያዬ ባዶ ሆነ፣ ለፎቶ እንዴት የሚመች ቦታ መሰላችሁ፣ የሚያነሳ ካሜራ የለም እንጂ።

ማታ ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ባትሪህ አብጦ ካሜራዬ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ብሬን መልስ ብዬ። ቶሎ ነው የመለሰው፣ በዚህ አላማውም፦ "ውድ ደንበኛችን፣ ስለተፈጠረው ነገር እናዝናለን። ገንዘብዎን እንድንመልስ እባክዎ ባትሪውን ከካሜራው አውጥተው ከሁሉም ጎኑ ፎቶ አንስተው ይላኩልን። ፎቶው በጥሩ ካሜራ ቢሆን ይመረጣል።"