ባለ ባትሪው ጊታር
ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ጊታሮችን ሳወዳድር ቆየሁ። አቅሜ ለሠርግም፣ ለመዝሙርም፣ ለልምምድም የሚሆን አንድ ጊታር ብቻ ለመግዛት ስለሚፈቅድ፣ መልኩን ትቼ ድምፁን አዳመጥሁ። ባለ አክቲቭ ፒክአፑ (ፒክአፕ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ነው፤ አክቲቭ የሚባለው በባትሪ የሚታገዘው ነው) ከጀርባው ባለች ትንሽ ክዳን ሥር የ9 ቮልት ባትሪ ይዟል፤ በዚህ ባትሪ የሚሠራው ቅድመ ማጉያ የፒክአፑን ደካማ ምልክት ስለሚያጠናክረው፣ በረጅም ገመድ አገናኝቼ ትዝታን በቀስታ ስጫወት እንኳ የሱቁ አሮጌ አምፕሊፋየር እንደ ሌላኛው ጊታር አላጉረመረመም። ባቲን በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክረው ቅንብር፣ ስሞክር ደግሞ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ወጣ። ያለ ዲስቶርሽን ሲመታ ግን፣ ለእኔ ጆሮ፣ ለዛው ጥቂት ይጎድለዋል፤ የቶን መቆጣጠሪያውን ዝቅ ሳደርገው ተሻሽሏል። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው እንደሚያልቅ ባለሱቁ ደጋግመው አሳስበውኛል። ነገ ጠዋት ቀብዱን ይዤ እመለሳለሁ።